ጾመ ሂተር

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖር አበሻ ኖቬምበር ሲገባ ለሁለት ይከፈላል፤ ሂተር የከፈተና ሂተር መክፈቱን የማያምን። በእውነት ያልከፈተ ሦስተኛ ወገንም አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ስልክ ሲደወልለት በድምፁ ይታወቃል። «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» እያለ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። «በረደህ እንዴ?» ያሉት እንደሆነ «ኧረ ምን ብርድ አለና! ገና መች ገባና!» ብሎ ይቆጣል። ከጀርባው የልጆቹ ሳል ይሰማል።

ነገሩን በስሙ እንጥራው ካልን ጾም ነው። መግቢያ አለው፣ መፍቻ አለው። አጥባቂ አለው፣ ለዘብተኛ አለው፣ በር ዘግቶ የሚገድፍም አለው። ከሌላው ጾም የሚለየው አዋጁን የሚያውጀው አንድ ሰው ሆኖ የሚጾመው ቤተሰቡ በሙሉ መሆኑ ነው። አዋጅ ነጋሪው አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው፤ ቢሉ የሚመጣው በእሱ ስም ነዋ። እኔም ከጿሚዎቹ ወገን ነኝ፤ ስለዚህ የምጽፈው ከውስጥ ሆኜ ነው።

መግቢያው መስቀል ነው። በመስቀል ሰሞን ኤሲው ይጠፋል፣ ሂተሩም አይበራም። ያ ወቅት ለአባወራ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። መስኮት ይከፈታል፣ ነፋሱ በነጻ ይገባል፣ የመብራት ቢሉ ከሐምሌና ከነሐሴው ግማሽ ሆኖ ይመጣል። አባወራው ቢሉን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ይለጥፈዋል። የልጆቹ ሰርተፊኬት ያላገኘው ቦታ ነው።

ችግሩ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይመጣል። ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል የመኪናው መስታወት ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሚስት «ዛሬ ትንሽ አይበርድም?» ትላለች። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ የመጀመሪያው አቤቱታ ነው። መልሱ ከአምናው አልተለወጠም፦ «ካልሲ አድርጊ።» በሳምንቱ አቤቱታው ሲደገም መልሱ አንድ እርከን ከፍ ይላል፦ «ሹራብ ደርቢ።» በሦስተኛው ጊዜ ታሪክ ይጠቀሳል፦ «እኛ ስናድግ ሂተር ነበረ እንዴ?» እዚህ ሲደርስ ልጆቹ ቀስ ብለው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ፤ ከብርዱ ይልቅ የሚቀጥለው ንግግር ይከብዳቸዋል።

መፍቻውን በተመለከተ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። አንዱ ወገን ኅዳር ሚካኤል ነው ይላል፤ አብዛኛውን ዓመት ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል። ሁለተኛው ወገን ታንክስጊቪንግን ይመርጣል፤ እንግዳ ስለሚመጣ። የዚህ ወገን አክራሪዎች ደግሞ «ተርኪው ከጠዋት ጀምሮ ኦቨን ውስጥ እየተጋገረ፣ ቤቱ በነጻ እየሞቀ፣ ያን ቀን ሂተር መክፈት ግፍ ነው» ይላሉ። ሦስተኛው ወገን ኅዳር ጽዮንን ይጠብቃል። እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ድረስ የሚገፉም አሉ፤ እነዚህ አንድም ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንድም ሚስታቸው ለእረፍት ሀገር ቤት የሄደችባቸው ናቸው። በመካከሉ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ያን ጊዜ ሁለቱ ጾሞች ይደራረባሉ፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሂተር የለ። አንድ ወዳጄ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ዓመቱን ሙሉ ሽሮ እበላለሁ» ብሎኛል።

የጾሙ መቅደስ ኮሪደሩ ላይ ነው። በደረት ከፍታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ነጭ ሳጥን አለች፤ ተርሞስታት ይሏታል። ሁለት ቀስት አላት፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። ወደ ሰው ቤት ስትገቡ ቀስቶቹን አስተውሉ። የላይኛው ቀስት ቀለሙ ከለቀቀ ያ ቤት የሚስት ነው። የታችኛው ከለቀቀ የባል ነው። ሁለቱም እኩል ከተሸረሸሩ ሽማግሌ ያስፈልጋል።

በኤሌክትሪክ የምትሠራውን ዓይነት የፈጠረው መምህር ነው። ዋረን ጆንሰን ይባላል፤ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ዋይትዋተር በምትባል ከተማ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር። በዚያ ዘመን የክፍሉን ሙቀት የሚጠብቀው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር። በየክፍሉ እየገባ ቴርሞሜትሩን ያነባል፤ ከዚያ ምድር ቤት የሚነደውን ምድጃ ያስጨምራል ወይም ያስቀንሳል። መምህሩ ትምህርቱ በተቋረጠ ቁጥር ሲበሳጭ ኖሮ፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ምድር ቤት ላለው እሳት ጠባቂ በኤሌክትሪክ ደወል የሚያስታውቅ መሣሪያ ሠራ። በ1883 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም በሚልዎኪ ኩባንያ አቋቋመበት። ዘበኛውን አስቀረሁት ብሎ ነበር። ዘበኛው ግን አልቀረም። ከ140 ዓመት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በካልሲ እየተራመደ፣ መብራት ሳያበራ፣ የስልኩን ብርሃን ሳጥኗ ላይ እያበራ ይቆጣጠራል።

«ይሄን ማን ነካው?»

ዝም።

«68 ይላል። እኔ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ ብዬ 60 ነው የተውኩት።»

«ራሱ ከፍ ብሎ ይሆናል» ትላለች ሚስት ከብርድ ልብሱ ሥር። «ስማርት ነው ብለህ አይደል ያስገባኸው?»

ቁጥሩ በፋራናይት መሆኑ ጾሙን ይረዳል። በሴልሺየስ ለተማረ ሰው 60 ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ «ቤታችን 60 ዲግሪ ነው» ብትሉት እሳት አደጋ ይጠራላችኋል። ወደ ለመድነው ሲመነዘር 16 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

በክርክሩ መካከል የትውልድ ቦታ መጥራት የተለመደ ነው። «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ!» ይላል አንዱ። «እኔ የመንዝ!» ይላል ሌላው። የደባርቅ ሰው ይነሣል፣ የጎባ ሰው ይነሣል፤ እያንዳንዱ የሀገሩን ውርጭ ያወድሳል። የድሬዳዋ ሰው ብቻ ዝም ብሎ ይሰማል። እሱ ሂተሩን ኦክቶበር ሳያልቅ ከፍቶታል፤ አያፍርበትም፣ የሚከራከረውም የለም።

ይህ የደጋ ትምክህት ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ውኃ ያረጋል። ነገር ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ትበረታለች፤ ሰው በር ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ከጎረቤት ጋር እያወጋ ይሞቃል። ብርዱ ሌሊት ይመጣል፣ ቀን ይሄዳል። የሜሪላንድ ብርድ ከመጣ አይሄድም። የዲሴምበር ፀሐይ ታበራለች እንጂ አታሞቅም፤ እሷም አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ደጅ ወጥቶ ግድግዳ የሚደገፍ ሰው ቢታይ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

እኛ በመሠረቱ ቤት አሙቀን አናውቅም። ያሞቅነው ሰውን ነው። በደጋው ቤት እሳቱ መካከል ላይ ይነዳል፤ ፊት ይለበለባል፣ ጀርባ ይበርዳል፤ ሲመር ዞር ይባላል። በብዙ ቦታ ከብቱም ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ትንፋሹ ራሱ ሙቀት ነው። የቀረውን የመንዝ ባና፣ ቡሉኮና ጋቢ ይጨርሱታል። አሜሪካ ግን ቤቱን ታሞቃለች። ሻንጣ የተከመረበት ቤዝመንት፣ ማንም የማይተኛበት የእንግዳ ክፍል፣ ኮት የተሰቀለበት ቁም ሣጥን ሁሉ 70 ዲግሪ ላይ ተመችቶት ይኖራል። ኮቱ ሳይቀር ይሞቀዋል፤ የሚሞቀው ኮት ለማን እንደተገዛ ግን የሚጠይቅ የለም።

የእኛን ዘዴ ለመሞከር የደፈረ አንድ ፕሬዚዳንት ነበር። ጂሚ ካርተር ሥልጣን በያዘ በሁለት ሳምንቱ፣ ፌብሯሪ 2 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.፣ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ሹራብ ለብሶ በቴሌቪዥን ቀረበ። ክረምቱ ከብዶ የተፈጥሮ ጋዝ ያጠረበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡን ሂተራችሁን ቀን ቀን 65፣ ሌሊት 55 ላይ አድርጉት ብሎ ለመነ። ሌሊት 55 ማለት 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የደጋ ሰው እንኳ «ኧረ በዛ» ይላል። ይህን ታሪክ በቤቴ ስናገር «አየሽ! ፕሬዚዳንቱ ሳይቀር!» እላለሁ። ባለቤቴ መልስ አታጣም፦ «እሱም ሁለተኛ አልተመረጠም።»

ስለ ጋቢ ሳይነገር ጾሙ አይነገርም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ነጠላ ሁለት። ሚስጥሩ ጥጡ ላይ ብቻ አይደለም፤ በድርቡና በድርቡ መካከል የሚታሰረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። አዲስ ጋቢ ደረቅ ነው፣ ይከረክራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ የቡናና የዕጣን ሽታ ይዞ ሰው ይሆናል። ከሀገር ቤት ሲመጣ የ23 ኪሎ ሻንጣ ግማሹን ይወስዳል፤ በርበሬና ሽሮ የሚልከው ዘመድ በዚህ ምክንያት ተቀያይሟል።

ሶፋ ላይ አለባበሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ እግር ተሰብስቦ የታችኛው ጫፍ ከእግር መዳፍ ሥር ይገባል። ቀጥሎ ግራ ትከሻ ይሸፈናል፤ ጫፉ ከጀርባ ዞሮ ከክንድ ሥር ይወተፋል። ቀኝ እጅ ብቻ ውጭ ይቀራል፤ የቡና ስኒና ሪሞት ለመያዝ። ጆሮ የሚበርደው ሰው አናቱንም ይከናነባል። እዚህ ከተደረሰ በኋላ ሰውየው ከብርድ ጋር ጉዳይ የለውም። ጉዳዩ ከመነሣት ጋር ነው፤ አንዴ ከተነሣ ያ ሁሉ የታሰረ አየር ይፈታል፣ ሥራው ከሀ ይጀመራል። ስለዚህ ሁሉም ጋቢ በለበሰበት ሳሎን ውስጥ ማንም አይነሣም። ውኃ የጠማው ይታገሣል። ስልኩ ሌላ ክፍል የሚጮህበት ሰው እንዳልሰማ ይሆናል። አንዱ ምስኪን ሽንት ቤት ለመሄድ ተገዶ ብድግ ያለ እንደሆነ ከአራት አቅጣጫ ትእዛዝ ይዘንብበታል፦ «ከተነሣህ አይቀር ውኃ»፣ «ቻርጀሬን»፣ «መጋረጃውን»፣ «ያንን መብራት»። በጾመ ሂተር ወቅት በቤታችን ሥልጣን የሚለካው ሳይነሡ በመቆየት ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ወጥ ቤት ነው። ቅዳሜ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ከሰዓት በኋላውን ሂተር አይፈልግም። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ይግላል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ያለብሰዋል፣ በሌላ ቀን ወጥ ቤት ዝር የማይሉ ልጆች የቤት ሥራቸውን ይዘው ጠረጴዛው ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የሽንኩርት ቁሌትም እሑድን ይሸፍናል፤ ወጥ በቀስታ መሠራት አለበት የሚለው የእናቶች ትምህርት ለካ ማሞቂያም ነበር። ሌሊት የዝንጅብል ሻይ አለ፣ ጠዋት ገንፎ አለ፤ ቅቤና በርበሬ ከመሐሉ ጉድጓድ እየተጠቀሰ አንድ ሳህን ያለቀለት ሰው ሹራቡን ራሱ ያወልቃል። አረቄ ግን ታማኝ አይደለም። ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ ለጊዜው የሞቀ ያስመስላል፤ በዚያው መንገድ የሰውነቱን ሙቀት ያስወጣዋል። ጠጥቶ «አሁን ገና ሞቀኝ» የሚል ሰው እየቀዘቀዘ ነው።

ቡና ሁለት ጠባይ አለው። ሲፈላ ያሞቃል፣ ሲቆላ ያበርዳል። ምክንያቱ ኮርኒሱ ላይ የተሰቀለችው የጭስ ጠቋሚ ናት። ቡናው ጠቆር ማለት ሲጀምር ትጮኻለች። ያን ጊዜ አንዱ በትራስ ያራግባታል፣ አንዱ ወንበር ላይ ይወጣል፣ አባወራው ራሱ በገዛ እጁ በርና መስኮቱን ይበረግዳል። ሳምንቱን ሙሉ በቁጠባ የተጠራቀመ ሙቀት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ቡናው ግን ይጣፍጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሞቂያ ሰው ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ዝም ብሎ ተቀምጦ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ለሚካኤል ማኅበር 15 ሰው ቢሰበሰብ 1,500 ዋት ይሆናል፤ ገበያ ላይ ያለው ትልቁ የግድግዳ ሶኬት ሂተር የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የሰማነው በሳይንስም እውነት ወጣ። ይህን ሒሳብ ለባለቤቴ በደስታ ሳቀርብላት የራሷን ሒሳብ አመጣች፦ «1,500 ዋት ለአራት ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በዚህ አገር ዋጋ ከ1 ዶላር ብዙ አይበልጥም። ለ15 ሰው ዶሮ ወጥ ስንት ይፈጃል?» ሰው ማሞቂያ መሆኑ እውነት ነው፤ ነዳጁ ግን ውድ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ጾሙ በእንግዳ ፊት አይጾምም፤ ክብር አለ። አንድ እሑድ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ሳይጠበቁ ደወሉ። ደወሉ ሲሰማ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሆኑ፤ ጋቢዎቹ ተለቃቅመው መኝታ ቤት ገቡ፣ ልጁ በሩን ሊከፍት ሮጠ፣ እኔ ወደ ኮሪደሩ ሮጬ ቀስቱን 80 እስኪል ተጫንኩት።

«ይግቡ ጋሼ! ኮትዎን ያውልቁ እንጂ።»

«የለም፣ እንዲሁ ልቀመጥ፤ ቶሎ እሄዳለሁ።»

«ምን ቸኮሉ! ይጫወቱ እንጂ። ኮቱን ልቀበልዎ።»

«ተወው ልጄ፣ ለምጄው ነው።» ዙሪያውን አዩ፤ የጎደለ ነገር እንደሌለ አረጋገጡና በጨዋ ደንብ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቤታችሁ ደስ ይላል፤ አየሩ ንጹሕ ነው።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ቀስቱን 80 ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም። ተራው ምድጃ የሚያውቀው መንደድንና መጥፋትን ነው፤ 68 ብትሉትም 80 ብትሉትም የሚነደው በአንድ ዓይነት ኃይል ነው። ልዩነቱ 80 ያላችሁት ቆይቶ ይጠፋል፤ ይኸውም እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። ጋሼ ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ መርቀውን፣ ኮታቸውን አንድ ጊዜ ሳያወልቁ ተነሡ። በሩ ሲዘጋ ሳሎኑ መሞቅ ጀመረ።

በማኅበር ቤት ሌላ የማይሞት ክርክር አለ። አንዱ ተነሥቶ «ሂተር ማጥፋትና ማብራት ሁልጊዜ ከፍቶ ከመተው የበለጠ ይበላል» ይላል። ሁሉም ይስማማሉ፤ ሐሰት ነው። ቤት ከውጭው አየር የበለጠ በሞቀ ቁጥር የበለጠ ሙቀት ያፈስሳል፤ ቀዝቀዝ ብሎ ባደረበት ሰዓት የሚያፈስሰው ያንሳል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ምክርም ይኸው ነው፤ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል፣ ስትተኙ ወይም ሥራ ስትሄዱ፣ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ብትቀንሱ በዓመቱ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 ከመቶ ታተርፋላችሁ። አንድ ቤት ግን ይለያል፤ ሂት ፓምፕ ያለው። እሱን ብዙ ቀንሰው ጠዋት በአንዴ ከፍ ሲያደርጉት ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ይነሣና የተቆጠበውን ይበላዋል። ስለዚህ ጾም ከመያዝ በፊት ምድጃው ምን እንደሆነ ማየት ይገባል።

ትልቁን ሂተር አልከፍትም ብሎ በየክፍሉ ትንንሽ ሂተር የሚሰካ ጿሚም አለ። ይህ ጾም ነኝ እያለ ማዕዱ ሳይነሣ ሦስት ጊዜ የሚቀመጥ ሰው ነው። እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሆኑ ሦስት ሂተሮች ሲደመሩ 4,500 ዋት ናቸው፤ ቤቱ በጋዝ የሚሞቅ ከሆነ ቢሉ ከትልቁ ሂተር ሊብስ ይችላል። ከዚህም በላይ የተለመደው የቤት መስመር 15 አምፒር ነው፤ 1,800 ዋት ካለፈ ብሬከሩ ይወድቃል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ የተሰኩ ዕለት ሂተሩም፣ መብራቱም፣ ዋይፋዩም አብረው ይሄዳሉ። ልጆች ብርዱን ይችሉታል፤ ዋይፋይ ሲጠፋ ግን አመፅ ይነሣል።

አማቴ ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጡት በጾሙ መካከል ነው። በልቤ ደስ አለኝ፤ ለክርክሬ ከደጋው የመጣ ሕያው ምስክር አገኘሁ። በነጠላቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ እግራቸውን ሰብስበው ሶፋው ጥግ ተቀመጡ። ቆይተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያ የሚያሞቀው ነገር ተበላሸባችሁ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ደኅና ነው። ገና ብርዱ ስላልገባ ነው እንጂ። እርስዎማ ብርድ ያውቃሉ፤ የደብረ ብርሃን ሰው!»

«አውቀዋለሁ እንጂ» አሉ ጋቢውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ። «ስለማውቀው አይደል የምፈራው!»

ባለቤቴ ቃል ሳትተነፍስ ተነሥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ሳጥኗ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ስትል ሰማሁ፤ ከመነሣቷ አስቀድሞ ውኃ አምጪልኝ ማለትም አልደፈርኩም።

እማማ የተናገሩትን የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ብሎታል። በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን ይላል፤ በዚህ አገር ቁጥር 64 መሆኑ ነው። ለአዛውንት፣ ለሕፃንና የቆየ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ከዚያ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ቶሎ ላያውቀው ይችላል፤ ሕፃን ደግሞ ቢያውቀውም አይናገርም። በኒው ዮርክ ከተማ ይህ ነገር በሕግ ነው። ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ቀን ቀን ውጭው ከ55 በታች ከወረደ አከራይ ቤቱን ቢያንስ 68 ማድረስ አለበት፤ ሌሊት ደግሞ የውጭው ምንም ይሁን ምን ከ62 እንዳይወርድ። አከራይን የሚያስቀጣ ብርድ አባወራን የሚያስመሰግንበት ምክንያት የለም።

ቀልዱን ትቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ ከሰል። ሂተር ሲዘገይ ወይም መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ማንደጃ ማቀጣጠል የሚታሰበው ሰው ብዙ ነው፤ ያደግንበት ነዋ። የሀገር ቤቱ ቤት በብዙ ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ እዚያም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። የአሜሪካ ቤት ደግሞ አየር እንዳያስገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ከደም ጋር የመያያዝ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዲሴምበር 2006 እ.ኤ.አ. በሲያትል አካባቢ ማዕበል መብራቱን ሲያጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል በማንደዳቸው ብዙ ሰዎች ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። የጋዝ ምድጃና ኦቨን ከፍቶ መሞቅም የዚሁ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ አባወራ፣ ጾም የሚያምረው በራስ ሲጾሙት ነው። ጤነኛ ከሆንክ ጋቢህን ተከናነብ፣ ገንፎህን ብላ፣ እስከ ፈለግኸው በዓል ድረስ ጹም፤ ማንም አይከለክልህም። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም በሽተኛ ባለበት ቤት ግን 68 አድርገህ እጅህን ከግድግዳው አንሣ። ከሰሉን ደጅ ተወው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከሌለህ ዛሬውኑ ግዛ፣ ካለህም ባትሪውን እይ። ስለ ገንዘቡ ከሆነ ደካማ ሰው በሌለበት ቤት ሌሊት ቀንስ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ድፈን። የሂተር ቢል ቢበዛ የአንድ ወር ራስ ምታት ነው፤ በዚህ አገር ድንገተኛ ክፍል አንዴ ገብቶ የወጣ ሰው ግን የትኛው ቢል እንደሚበልጥ ያውቃል።